ሂሳቤን ለያዘችልኝ ልጅ ምስጋና፣ ዘግይታችሁ ሥራ ለምትጀምሩ እህቶቼም ጥቆማ

የራሴን ሥራ ስጀምር 56 ዓመቴ ነበር። መጋረጃና የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ዛሬ ሥራው በእግሩ ቆሟል፤ አንዲት ልጅም ቀጥሬ አብራኝ ትሠራለች። እንዴት እንደተሳካልኝ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ብድር፣ ስለ ቦታ ወይም ስለ ማሽን እንዳወራ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማመሰግነው ሂሳቤን የያዘችልኝን ባለሙያ ነው። ልጅ የምላት የልጆቼ እኩያ ስለሆነች ነው እንጂ በሙያዋ አንቱ የተባለች ናት።

መጀመሪያ ያገኘኋት የዋጋ ዝርዝሬን በወረቀት ይዤ ሄጄ ነው። የጨርቅ፣ የክር፣ የኪራይና የመብራት ወጪ ተደምሮ ከላዩ ትንሽ ትርፍ ተጨምሮበታል። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «እናቴ፣ የእርስዎ ደሞዝ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። የኔማ ትርፉ ነው አልኳት። «ደሞዝና ትርፍ ለየቅል ናቸው» አለች። «ነገ ቢያምዎትና ሌላ ሰው ቢተካዎት፣ ለዚያ ሰው ከምን ላይ ሊከፍሉት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እሷም መልስ እስክሰጣት አልጠበቀችም። ስሠራ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝና መጣች። ከስፌት መኪናው ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ የስልኳን ሰዓት ከፈተች፣ አንድ መጋረጃ ከጨርቅነቱ ጀምሮ ታጥፎ እስኪቀመጥ ድረስ እያንዳንዱን ሥራ ከነደቂቃው መዘገበች። ሰዓቱን የሚበላው ስፌቱ እንዳይመስላችሁ። ጨርቁን ዘርግቶ ጠርዙን ማቅናት አለ። ሁለት ጨርቅ ሲጋጠም የዚህኛው አበባ ከዚያኛው አበባ ጋር እንዲገጥም ማስተካከል አለ። ቅምቅማቱን በስፒል መያዝ፣ መስቀያውን እኩል ማራራቅ፣ በካውያ መተኮስ አለ። ደንበኛው ቤት ሄዶ መስኮት መለካት አለ፤ መንገዱም ሰዓት ነው። ሲደመር መኪናው የሚዞርበት ጊዜ ከሁሉም ትንሹ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ የእጅ ሥራ በወረቀቴ ላይ አንድም ቦታ አልነበረም።

ይሄ የኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዕድሜያችንን ሙሉ ቤት ስንይዝ፣ ልጅ ስናሳድግ፣ በሽተኛ ስናስታምም ማንም ሒሳብ አላወጣልንም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ያለ ክፍያ ከሚሠራው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ውስጥ ከሰዓቱ 76 በመቶ የሚሆነው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። እንዲህ ሆና 50 ዓመት የኖረች ሴት ሱቅ ስትከፍት ጉልበቷን በነፃ ትሰጣለች። ደንበኛውም በነፃ ይቀበላል። ጥሩ የሂሳብ ባለሙያ የሚጠቅመን ለግብር ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ አልስማማም። ለኔ ትልቁ ውለታዋ ድካሜን በአኃዝ ጽፋ ፊቴ ማስቀመጧ ነው።

ሁለተኛው ውለታዋ ዕድሜዬን እንደ ጉድለት አለማየቷ ነው፤ ዝም ብላም አላለፈችውም። ብዙ ሰው «በስተርጅና ምን አንከራተተሽ» ሲለኝ ነበር። እሷ ይህን ስነግራት እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠቀሰችልኝ። በዚያ አገር እጅግ በፍጥነት ያደጉት አዳዲስ ድርጅቶች ሲመሠረቱ የመሥራቾቻቸው አማካይ ዕድሜ 45 ነበር፤ ብዙዎቻችን እንደምናስበው 20ዎቹ ውስጥ አልነበረም። ወዲያው ግን «አሁን ወደ እርስዎ ሰውነት እንምጣ» አለችኝ። በቀን ስንት ሰዓት ወገቤ ሳያመኝ መቀመጥ እንደምችል ጠየቀች። ዓይኔ ክር በመርፌ ለማስገባት መነፅርና ጥሩ ብርሃን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ዋጋው የተሠላው በትክክል ልሠራ በምችለው ሰዓት ነው። አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ዋጋ ማውጣት፣ አንድ ሳምንት ስንታመም ሁሉን ነገር እንደሚያፈርስ አስረዳችኝ።

ገንዘቡንም እንዲሁ። ያጠራቀምኩትን በሁለት ከፈለችው። አንዱ ለሥራው፣ አንዱ ምንም ቢመጣ የማይነካ። ወጣት ቢከስር ሠርቶ የሚተካበት ዘመን አለው። በኛ ዕድሜ ያለቀ ጥሪት ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ አዲሱን ማሽን ትተን ያገለገለ ገዛን። በሱም ላይ ቢሆን በየወሩ ለማሽኑ መተኪያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። የንግዱ የባንክ ሂሳብም ከቤቱ ተለይቶ በራሴ ስም እንዲከፈት አጥብቃ ያዘች። አሜሪካ ውስጥ እንኳን እስከ 1988 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአንዳንድ ግዛቶች ሴት ለንግድ ስትበደር የወንድ ዘመድ ፊርማ ልትጠየቅ ትችል ነበር። በዚያ ዓመት የወጣ ሕግ ነው ያስቀረው። እኔ አዋቂ ሆኜ የኖርኩበት ዘመን ነው እኮ! በራስ ስም ሂሳብ መክፈት ቀላል ነገር አይደለም።

ከአፏ ወስጄ እስካሁን የምሠራበት አንድ ስሌት አለ። ኪራይ፣ መብራትና የኔ ደሞዝ ተደምሮ በወር 6000 ነው እንበል። ከአንድ ሥራ የጨርቅና የክር ወጪ ሲቀነስ 300 ቢተርፍ፣ 6000ን ለ300 ማካፈል ነው። 20 ሥራ። ከ20 በታች ከሆንኩ ወሩ ጎድሏል፤ ከ21ኛው ጀምሮ ያለው ትርፍ ነው። ይሄን ቁጥር ካወቅኩ ወዲህ «ትንሽ ቀንሺልኝ» ሲሉኝ አልደነግጥም። የት ድረስ መቀነስ እንደምችል ቁጥሩ ይነግረኛል።

ቀብድንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ለአንድ መስኮት ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ለሌላ መስኮት አይሆንም። ስለዚህ መቀስ ጨርቁን ሳይነካው ግማሽ ክፍያ ይቀድማል። አንድ ድርጅት ብዙ መጋረጃ አሰፍቶ ቀሪውን ክፍያ ወራት ሲያጓትትብን፣ በደብተር ላይ ትርፋማ ሆነን በእጃችን ግን ክር መግዣ ልናጣ ነበር። በዚያ ጊዜ ያቆየን ያ ቀብድ ነው። ትርፍና በእጅ ያለ ገንዘብ አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

አሁን ጥቆማዬን ልስጥ። ከሷ በፊት ያነጋገርኩት ባለሙያ ደረሰኜን ሁሉ ሰብስቦ ወስዶ «እኔ አለሁልዎት፣ አይጨነቁ» ይለኝ ነበር። ስለ ራሴ ሥራ የማውቀው ግን ምንም አልነበረም። እሷ ደብተሩን በኔ እጅ ነው የምታስጽፈው። ገንዘቤን ነክታው አታውቅም። የማትችለውን «ይሄ የጠበቃ ሥራ ነው» ብላ ወደሚመለከተው ትልካለች። የሂሳብ ሰው ስትፈልጉ እነዚህን ሦስቱን እዩ። በተለይ ስትጠይቁ የማይሰለች፣ በማይገባችሁ ቃል የማያዋክባችሁ ይሁን።

እውነቱን ለመናገር ክፍያዋ ረከስ ያለ አይደለም። ማታ ስልክ አታነሳም፤ የራሷም ቤተሰብ አላት። ደረሰኝ ጥላችሁ ከሄዳችሁም ትቆጣለች። እኔ ይሄን ሁሉ ወድጄላታለሁ።

የኔ ልጅ፣ ይሄን ስታነቢ እንደምታፍሪ አውቃለሁ። ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። እግዜር ይስጥልኝ። ወልደሽ ሳሚ፣ ሥራሽ ይባረክ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። በአንድ ጊዜ የምትይዘው ጥቂት ሰው ስለሆነ ነው። የምትፈልጓት በኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ ምን እንደምትሠሩ ወይም ምን ለመጀመር እንዳሰባችሁ ንገሩኝ። ወደሷ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የአንድ ወር ወጪያችሁን፣ ትንሿን ሳትንቁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።