«አፈረ» የተፈተነበት የስልክ መዝገበ ቃላት

በነጻ ከሚጫኑት የአማርኛ–እንግሊዝኛ የስልክ መዝገበ ቃላት አንዱን ለመመዘን የመረጥኩት የ«አፈረ»ን ዘር ነው፤ መዝገበ ቃላት የሚፈተነው በ«ጠረጴዛ»ና በ«ድመት» ሳይሆን፣ እንደ ተናጋሪውና እንደ ነገሩ አጋጣሚ ፍቺው በሚለዋወጥ ግስ ነውና።

ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፈጣንም ነው። «ሀፍረት» ተብሎም ሆነ «ኀፍረት» ተብሎ ቢጻፍለት ቃሉን ያገኘዋል፤ የሞክሼ ፊደላትን ጣጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ፍቺው ላይ ግን ይደክማል። ለ«አፈረ»፣ ለ«ተሸማቀቀ» እና ለ«ኩም አለ» የሚሰጠው አንድና ያው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሰው ጥፋቱ ሲገለጥበት ያፍራል፤ ምንም ሳያጠፋም ዓይን ሲበዛበት ይሸማቀቃል፤ ተማምኖ የተናገረው በአንድ አጭር መልስ ሲፈርስበት ደግሞ ኩም ይላል። የከተማው ወጣት «ሼም ያዘኝ» የሚለው ከሁሉም የቀለለ፣ ብዙ ጊዜም ሳቅ የሚከተለው ነው፤ መተግበሪያው ጨርሶ አያውቀውም።

ይበልጥ ያሳዘነኝ የ«አሳፈረ» አያያዝ ነው። ለጋብቻ ጥያቄ የተላኩ ሽማግሌዎች «አታሳፍሩን» ሲሉ፣ እምቢ ብላችሁ ባዶ እጃችንን አትስደዱን ማለታቸው ነው እንጂ ነውራችንን አትግለጡብን ማለታቸው አይደለም፤ «ፈጣሪ አያሳፍርህ» የሚለው ምርቃትም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። «ሽማግሌ አፍሮ ታረቀ» ሲባል ደግሞ ማፈር ማክበር ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም በመተግበሪያው አልተመዘገበም። ይባስ ብሎ፣ ታክሲ ሰው «አሳፈረ» የሚባለውን ከሀፍረቱ ጋር በአንድ ርእስ ሥር ደርቦታል። በንባብ የመሳፈሩ «ሳ» ይጠብቃል፣ የማፈሩ ይላላል፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ልዩነቱን ማመልከት የመዝገበ ቃላቱ ድርሻ ነበር።

በአንጻሩ «ይሉኝታ»ን በአንድ ቃል ለመተካት አልሞከረም፤ ሰው ምን ይለኛል በሚል ስጋት የሚፈልጉትን መተው ወይም የማይፈልጉትን መቀበል እንደሆነ በሁለት መስመር አስረድቷል። አዘጋጆቹ በዚህ አኳኋን መሥራት እንደሚችሉ ካሳዩ በኋላ ሌላውን በችኮላ ማለፋቸው ይገርማል።

ገበያና መንገድ ላይ ለሚቸገር እንግዳ ይበቃል። ለተርጓሚና በውጭ አገር ልጆቹን አማርኛ ለሚያስተምር ወላጅ ግን፣ ለእያንዳንዱ ግስ ቢያንስ አንድ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር እስኪጨመርበት ድረስ፣ ከአምስት ኮከብ ከሁለት በላይ አልሰጠውም።