የትሪቲየም ሰዓቴ ከወራት በኋላ

ይህን ሰዓት የገዛሁት ለሌሊት ተረኝነት ነው። ወራት ሙሉ ከእጄ አልወለቀም። ጨለማ ውስጥ ሰዓት ለማየት የሚስተካከለው አላገኘሁም። እንደ ቀለም ቅቡ ሰዓት ቀን ብርሃን አይጠብቅም፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንደ ምሽቱ ያበራል። በቁጥሮቹ ቦታ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች አሉ። ላይኛው 12 ብርቱካናማ፣ የቀሩት አረንጓዴ ናቸው። እንቅልፍ በተጫነው ዓይን እንኳ ላይና ታቹ አይምታታም።

ቱቦው ውስጥ ያለው ትሪቲየም ነው፤ ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን። አቶሙ ሲፈርስ ኤሌክትሮን ይተፋል፤ ያ ኤሌክትሮን የቱቦውን ውስጠኛ ቅብ ሲመታው ብርሃን ይወጣል። ኤሌክትሮኑ ደካማ ስለሆነ መስታወቱን አያልፍም። የፈረሰው አቶም ሂሊየም 3 የተባለ ጋዝ ሆኖ እዚያው ይቀራል።

«ታዲያ ተጠራቅሞ አያፈነዳውም?» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የትሪቲየም ጋዝ ጥንድ ጥንድ አቶም ነው፤ ሂሊየም ግን ነጠላ ነው። ስለዚህ ትሪቲየሙ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ ግፊቱ ቢበዛ እጥፍ ይሆናል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ጣጣው ትሪቲየም በብረታ ብረት ውስጥ ሲከማች ነው። ቲታኒየም፣ ዩራኒየምና ፓላዲየም ሃይድሮጅንን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣሉ። አሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ባለው ሳቫና ሪቨር የተባለ የኑክሌር ተቋምም ትሪቲየም በብረታ ብረት ቅይጥ ውስጥ ይከማቻል። ሂሊየም ግን ከብረት ጋር አይዋሃድም። አቶሞቹ እየተሰባሰቡ በናኖሜትር የሚለኩ አረፋዎች ይሠራሉ። አረፋው ዙሪያውን ያሉትን የብረት አቶሞች ይገፋል፤ ብረቱ ያብጣል፣ ይደድራል። እኔን የሚደንቀኝ ትዕግሥቱ ነው። ለዓመታት ሂሊየሙን አፍኖ ይይዛል፤ የሚያመልጠው እዚህ ግባ አይባልም። ቲታኒየም ላይ ለሦስት የቲታኒየም አቶም አንድ ሂሊየም ገደማ ሲደርስ ግን በብዛት መውጣት ይጀምራል። ያረጀ ቅይጥም የዋጠውን ትሪቲየም ሁሉ አይመልስም፤ ከፊሉን ይዞ ያስቀራል።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ማሰሪያው ላብ ስለሚይዝ ቀይሬዋለሁ። መብራቱ ላይ እስካሁን በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም፤ ትሪቲየም በዓመት የሚቀንሰው 5.5 በመቶ ያህል ነው። በ12.3 ዓመት ግን ግማሹ ሂሊየም ይሆናል። ስለዚህ ስትገዙ የተመረተበትን ዓመት ጠይቁ። «ከካርቶኑ አልወጣም» ቢሏችሁ አትሸወዱ፤ ካርቶን ውስጥም ያረጃል። ቱቦ ከተሰበረ ደግሞ መስኮት ከፍታችሁ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ።