የፊት ጎማ ዳይናሞ፦ ሌሊቱን ለሚነዱ ሁለት ጓደኛሞች

እንደ ፈረንሳዩ ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ያለ የ1,200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ጉዞ ላይ ሌሊት መንዳት ግድ ነው። ለዚህ የፊት ጎማ መሐል የሚገጠመው ባለ 6 ቮልት፣ 3 ዋት ዳይናሞ (ጎማው ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) ከባትሪ መብራት በጣም ይሻላል፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ አይጠፋም።

ድክመቱ ዳገት ላይ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ብርሃኑ ይርገበገባል፤ ከዳይናሞው የሚሞላ ስልክ ካለም ቻርጁ ይቆራረጣል። ስልክ በቀጥታ ከተሰካ በተቋረጠና በቀጠለ ቁጥር ስክሪኑ እየበራ ባትሪውን ይበላል፤ መሐል ላይ ፓወር ባንክ አስገቡ። ጎማ ሲተነፍስ ደግሞ መጀመሪያ የዳይናሞውን ሶኬት ንቀሉ፤ አለበለዚያ ጎማው ሲወጣ ሽቦው ይበጠሳል።

ተከታትላችሁ ስትነዱ ከኋላ ያለው ጓደኛ መብራት ከፊት ያለውን ጓደኛ ጥላ መንገዱ ላይ ይጥላል፤ ጉድጓዱ እዚያ ጥላ ውስጥ ይደበቃል። የኋለኛው ትንሽ ወደ ጎን ወጣ ብሎ መብራቱን ዝቅ ያድርግ። ከፊት የሚነዳው ጓደኛ የኋላ ቀይ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚል አይሁን፤ ለሰዓታት የሚከተለውን ዓይን ያደክማል።