ሆንዳ ሲኤል350 ወይስ ያማሃ ዲቲ1፦ አሮጌ ስክራምብለር ለመግዛት ላሰቡ

በዚህ ዓመት ብቻ አራት ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርበውልኛል። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የተረፈ፣ ለስብስብም ለመንዳትም የሚሆን ስክራምብለር፣ ማለትም ለአስፋልትም ለአቧራም የሚሆን ሞተር ብስክሌት፣ ፈልገው ለሽያጭ የቀረቡትን ሲያዩ ሁለቱ ይደጋገሙባቸዋል፤ ሆንዳ ሲኤል350ን ይውሰዱ ወይስ ያማሃ ዲቲ1ን? ለሁሉም የመለስኩት ዲቲ1 ብዬ ነው። ምክንያቱ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ስላልሆነ በገንዘቤ የተማርኩትን በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ግዢዬ ሲኤል350 ነበር፤ ቢያንስ የተሸጠልኝ በዚህ ስም ነው። በግራ በኩል ከፍ ብለው የሚያልፉት ሁለት ማርሚታዎች፣ ሰፊው መሪና ጥርሳሞቹ ጎማዎች ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ቀለሙ አዲስ ነበር፤ የተጠየቀው ዋጋም ለንጹሕ ሲኤል350 ከሚጠየቀው ጥቂት ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ሳልከራከር ከፈልኩ። በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የሞተሩ ቁጥር ብቻ ሲሆን እርሱም በትክክል የሲኤል350 ነበር። ከስምንት ወር በኋላ የመሪውን ኩሽኔታ ለመለወጥ ስፈታው ከሻንሲው አንገት ላይ፣ ከወፍራሙ ቀለም ሥር የወጣው ቁጥር ግን በሲቢ350 የሚጀምር ሆኖ አገኘሁት።

ሲቢ350 ተመሳሳይ ሞተር የተገጠመለት የአስፋልት ወንድሙ ነው። እጅግ በብዛት የተመረተና ዋጋውም ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ማርሚታና ሰፊ መሪ ገጥሞ በሲኤል ዋጋ መሸጥ ትርፍ ያለው ሥራ ሆኗል። የሲኤል350 የፊት ቸርኬ 19 ኢንች ሲሆን የሲቢ350 ግን 18 ነው፤ ይህንን አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ ገንዘቤን ኪሴ ውስጥ ይዤ እመለስ ነበር። ሌላው ገዢን የሚያሳስተው «የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ አንድ ነው» የሚለው የሻጮች ቃል ነው። ሆንዳ በዚያ ዘመን ሁለቱን ቁጥሮች አንድ አድርጎ አይመታም ነበር፤ ሁለቱም በሲኤል350 ይጀምራሉ፣ ተከታዮቹ አሃዞች ግን ይለያያሉ። ስለዚህ አሃዞቹ ሁሉ አንድ የሆኑበት ሲኤል350 ካጋጠማችሁ ቁጥሩ በሰው እጅ መመታቱን ጠርጥሩ። በያማሃ ዲቲ1 ላይ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ከፋብሪካው ሲወጡ አንድ ነበሩ፤ ከተለያዩ ሞተሩ ተለውጧል ማለት ነው። አንድ ገዢ ባትሪ በእጁ ይዞ በሁለት ደቂቃ ሊያረጋግጠው የሚችል እውነት መኖሩ ለእኔ ከማንኛውም ውበት ይበልጣል፤ ዲቲ1ን እንድመርጥ ያደረገኝ የመጀመሪያው ምክንያትም ይኸው ነው።

ዋጋን በተመለከተ ሰዎች የሚሳሳቱት የተጠየቀውን ገንዘብ የሞተር ብስክሌቱ ዋጋ አድርገው ስለሚወስዱት ነው። እኔ ዛሬ የማሰላው እንዲህ ነው፦ ንጹሕና ሙሉ የሆነው ከሚያወጣው ዋጋ ላይ በመጀመሪያ የማርሚታውን፣ ቀጥሎ የሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንኩን)፣ ከዚያም የወንበሩን፣ የጎን ክዳኖቹንና የፍጥነት መለኪያውን አንድ በአንድ እቀንሳለሁ፤ ሞተሩን የማስበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ይጠገናል፣ የጠፋ ቆርቆሮ ግን ፍለጋው ዓመታት ይወስዳል። የሲኤል350 ማርሚታ በዚህ ስሌት ውስጥ ትልቁ ቁጥር ነው። ከውስጥ በእርጥበት ስለሚበላ ላዩ እያብረቀረቀ ሆዱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በእንጨት እጀታ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ዝገቱ ሥራውን ጨርሷል። እኔ ከገዛሁት ጋር የመጣው ተመሳስሎ የተሠራው የመያዣ ቀዳዳዎቹ በጣት ስፋት ከቦታቸው የራቁ ስለነበሩ ማሰሪያውን ማጣመም ግድ ሆኖብኛል፤ ክሮሙም ዓመት ሳይሞላው ተላጠ። ዋናውን ስፈልግ የተጠየቅሁት ለሞተር ብስክሌቱ በሙሉ ከከፈልኩት አንድ ሦስተኛ የሚሆን ገንዘብ ነው። ሰልባትዮ ስታዩም ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በየቦታው አስጠጉት፤ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

የሲኤል350 ሞተር በራሱ ጥሩ ሞተር ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ ባለቤቶቹ የረሷቸው ነገሮች ናቸው። ዘይቱን የሚያጣራው ቆሻሻን በመሽከርከር ኃይል የሚለይ ሳህን ስለሆነ ክዳኑን ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው ግን ዘይት ብቻ ለውጦ ይዘጋዋል። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚዞረው ያለ ኩሽኔታ በቀጥታ በአሉሚኒየም ላይ በመሆኑ ዘይቱ በቆሸሸ ወይም በጎደለ ቁጥር መቀመጫው ይበላል። ሁለቱ ካርቡራተሮች ውስጥ ያሉት ስስ የጎማ ሽፋኖች በዕድሜ ይቀደዳሉ፤ ትክክለኞቹ ውድ ናቸው፣ ርካሾቹ ደግሞ ስለሚወፍሩ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ይዘገያል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ከካርቡራተር መጠገኛ ዕቃዎች ጋር የሚመጡትን አዳዲስ የናስ ጂግለሮች (ነዳጁን በቀዳዳቸው የሚመጥኑትን) አትግጠሙ። እኔ ከገዛኋቸው ሦስት ስብስቦች ውስጥ በሁለቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የቀዳዳው ስፋት አልተገናኙም። አሮጌዎቹን አጽድታችሁ ጎማዎቹንና ጓርኒሲዮኑን ብቻ ለውጡ።

ዲቲ1 በ1968 በአሜሪካ ገበያ በ735 ዶላር ሲቀርብ የመንገድ ሞተር ብስክሌት ተለውጦ የተሠራ አልነበረም፤ ከመነሻው ለአስፋልትም ለአቧራም ታስቦ የተሠራ ነበር። 246 ሲሲ የሆነው ባለ ሁለት ምት ሞተሩ ቫልቭም ካምሻፍትም የለውም፤ ነዳጅ ሳይሞላ ክብደቱ ከ120 ኪሎ ያነሰ ሲሆን ሲኤል350 ከ150 በላይ ነው፤ ይህንን ልዩነት ድንጋያማ ዳገት ላይ የወደቀ ሰው ያውቀዋል። ሲሊንደሩና ፒስተኑ በአንድ ከሰዓት ይወጣሉ። ሲሊንደሩ ሲበላ 0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ ማስፋት ስለሚቻል ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ስንተኛው ስፋት ላይ እንደደረሰ ነው፤ የመጨረሻው ላይ ከሆነ የአዲስ ሸሚዝ (የሲሊንደሩ የውስጥ ቱቦ) ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።

ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ለዓመታት የቆመ ዲቲ1 ክራንክ ሻፍቱን የሚያሽጉት ጎማዎች ደርቀው ይጠብቃችኋል። በማግኔቱ በኩል ያለው ከደረቀ ሞተሩ አየር ስለሚስብ ይግላል፣ ፒስተኑም ይጣበቃል፤ በሌላው በኩል ያለው ከለቀቀ ደግሞ የማርሹን ዘይት እየሳበ የማያቆም ነጭ ጭስ ያወጣል። ኦቶሉብ የሚባለው ፓምፕ ዘይቱን ከራሱ ታንክ እየሳበ ለሞተሩ ስለሚያደርስ ቱቦው ውስጥ የገባ አንድ የአየር አረፋ ሲሊንደሩን ለማበላሸት ይበቃል፤ ስለዚህ ከገዛችሁ በኋላ አየሩን ሳታስወጡ አትንዱት። የእኔን ዲቲ1 የማሸጊያ ጎማዎቹን ሁሉ ለውጬ፣ ሲሊንደሩን አስፍቼ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገጥሜ ያወጣሁት ገንዘብ በሙሉ ተደምሮ ከዚያ የሲኤል ማርሚታ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ትራያምፍ ቲአር6ሲ የተባለው ስክራምብለር ለሚያምራቸው ሰዎች የምለው አጭር ነው፦ ከሁሉም ውዱ እርሱ ነው፣ በማስመሰልም የሚሸጠው እርሱ ነው፤ የመንገዱ ቲአር6አር ከፍ ያለ ማርሚታ ተገጥሞለት ቁጥሩ እንደገና ይመታል። ያማሃ ኤክስቲ500 ግን ሌላ ነገር ነው። በ1979 እና በ1980 ፈረንሳዊው ተወዳዳሪ ሲሪል ኔቩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የፓሪስ–ዳካር ውድድሮች ያሸነፈው በእርሱ በመሆኑ ዋጋው በየጊዜው ይወጣል፤ ዘይቱን ሻንሲው ውስጥ ስለሚይዝ ሻንሲው ተበይዶ የተጠገነ ከሆነ ፈጽሞ አትግዙት። በጀታችሁ ከፈቀደ ከዲቲ1 ቀጥሎ የምመርጠው እርሱን ነው።

ከአራቱ ወዳጆቼ ሦስቱ ዲቲ1 እየፈለጉ ነው። አራተኛው ባለፈው ሳምንት የአንድ ሲኤል350 ፎቶግራፎች ላከልኝ፦ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ወንበሩ ተቀድዷል፣ ሞተሩም አይነሳም፤ ነገር ግን ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር በሲኤል350 ይጀምራል፣ የፊት ቸርኬው 19 ኢንች ነው፣ የፋብሪካው ማርሚታም ከሙቀት መከላከያ ሽፋኑ ጋር ሙሉ ነው። ማርሚታውን መትቶ ድምፁን እንዲሰማ፣ ጥርት ያለ ከሆነም የሞተሩን ጥገና ከዋጋው አስቀንሶ እንዲወስደው ነግሬዋለሁ።