ዲጂታል የሮታሪ ኮምፕረሽን መለኪያ፦ ታድሶ ሲሞቅ ለሚንቀጠቀጥ 13ቢ

የታደሰ 13ቢ (በፒስተን ፋንታ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተሮች የሚዞሩበት የማዝዳ ሮታሪ ሞተር) ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሠርቶ፣ ሲሞቅ ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ) መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ሞተሩን ዳግም ከማውረድ በፊት የሚያስፈልገው ዕቃ ይህ መለኪያ ነው፤ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ይለካል።

ለፒስተን ሞተር የተሠራው ተራ ጌጅ እዚህ ያሳስታል። ውስጡ ያለው ቫልቭ ግፊቱን ይዞ ስለሚያስቀር የሚያሳየው ከፍተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ሮተር ደግሞ ሦስት ፊት አለው፤ ሦስቱም በዚያው የካንዴላ ቀዳዳ ተራ በተራ ያልፋሉ። አንዱ ፊት ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ ጌጁ የደህናዎቹን ቁጥር ይዞ ይቆማል። ቫልቩን አውልቆ የመርፌውን ዝላይ በዓይን መከታተል ይቻላል፤ የሞተ ፊት ካለ ይለያል፣ ልኩን ግን አይነግርም። ዲጂታሉ ሦስቱን ለየብቻ ይመዘግባል፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) በስንት ዙር እንዳዞረም ለክቶ ውጤቱን ወደ 250 ዙር በደቂቃ ያስተካክላል። ይህ ማስተካከያ ባይኖር የደከመ ባትሪ ብቻውን ጤነኛውን ሞተር የታመመ ያስመስለዋል።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ሁለቴ ሲለካበት ነው፤ አንዴ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ፣ አንዴ ቴምፕሬቸሩ ሥራ ላይ የሚይዘውን ቦታ እንደያዘ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። የኢንጀክተሮቹና የቦቢናዎቹ (ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) ሶኬት ይነቀል። ከሚለካው ሮተር አንድ ካንዴላ ብቻ ወጥቶ ሌላው በቦታው ይቆይ፤ በሁለተኛውም ልኬት ያው ቀዳዳ ይሁን። የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ሞተሪኖው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙር። አዳፕተሩ በእጅ ብቻ ይጥበቅ፤ የሞተሩ ቤት አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። የአዳፕተሩ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ከተጨፈለቀ ሦስቱም ፊቶች እኩል ወርደው ይታያሉ፤ ሞተሩ ላይ ከመፍረድ በፊት እሱን መቀየር ነው። ረጅም ቱቦ ካለው ዓይነት ይልቅ ሴንሰሩ ቀዳዳው አፍ ላይ የሚቀመጠው ይሻላል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ትርፍ ቦታ ግፊቱን ያወርደዋል።

ለማዝዳ አርኤክስ-8 መኪና ሬኔሲስ ሞተር (የ13ቢ አንዱ ዓይነት) ዝቅተኛው ልክ በ250 ዙር 680 ኪሎፓስካል ነው። በአንድ ሮተር ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ150፣ በሁለቱ ሮተሮች መካከል ያለው ደግሞ ከ100 ኪሎፓስካል መብለጥ የለበትም። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ይወርዳል፤ መለኪያው የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው ይህን አስቦ ማንበብ ያስፈልጋል።

አነባበቡ ላይ ነው መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው። ሁለት ፊቶች ወርደው አንዱ ደህና ከሆነ ጥርጣሬው በሁለቱ መካከል ባለው አፔክስ ሲል (በሮተሩ ማዕዘን ጫፍ ላይ ግፊት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ቁራጭ) ላይ ያርፋል፤ አንድ ሲል ሁለት ጎረቤት ፊቶችን ስለሚለይ ሲያፈስ ሁለቱንም ይጎዳል። አንድ ፊት ብቻ ከወረደ የዚያ ፊት ሳይድ ሲሎች (በሮተሩ ጎን ያሉት) ይጠረጠራሉ። ቀዝቃዛው ልኬት ጥሩ ሆኖ ሙቁ ላይ ብዙ ከወረደ፣ ቀዝቃዛው ወፍራም ዘይት ክፍተቱን ደፍኖት ነበር ማለት ነው፤ ሲሞቅ ቀጠነና ማፍሰሱ ተገለጠ። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ሲታደስ በሳይድ ሲሉና በኮርነር ሲሉ (በሮተሩ ጎን ማዕዘኑ ላይ ባለው) መካከል ስንት ክፍተት ተተወ የሚለው ነው። ልኩ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ከ0.4 ከበለጠ ከገደብ አልፏል። ከመጠን በላይ ከጠበበም ሲሉ ሲሞቅ ይረዝምና ኮርነር ሲሉን ገፍቶ ይነክሳል፤ ከዚያ በኋላ ከሳይድ ፕሌቱ (ሮተሩን ከጎን ከሚዘጋው ክዳን) ጋር በደንብ አይገጥምም። አሮጌ ሞላ መልሶ መጠቀምም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣል፤ በሙቀት የዛለ ሞላ ሲሉን በሞተሪኖ ፍጥነት አይገፋውም። ይሁንና አዲስ ሲል ከነባሩ ቤት ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። ገና ያልተነዳ ሞተር ሦስቱም ፊቱ ተቀራርቦ ትንሽ ዝቅ ካለ ለመፍታት መቸኮል አይገባም።

ሁለቱም ልኬቶች ጥሩና ተቀራራቢ ከሆኑ ሮተሩን ተዉት። አንዱ የተለመደ ጥፋት ከኢንቴክ ማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያው) ጋስኬት ወይም ከኢንጀክተር ኦሪንግ የሚገባ ትርፍ አየር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ስለሚጨምር አይሰማም፤ ሲሞቅ ነዳጁን ሲቀንስ መንቀጥቀጡ ይመጣል። ይህን በጭስ መፈተሽ ይሻላል፤ በጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ የሚቀጣጠል ስፕሬይ መንፋት አደገኛ ነው። ከዚያ ቦቢና፦ የፊተኛውን ሮተር ቦቢና ከኋለኛው ሮተር ቦቢና ጋር ቀያይሮ ጥፋቱ አብሮ መሄዱን ማየት። ሊዲንግና ትሬሊንግ ካንዴላዎች (የእያንዳንዱ ሮተር ሁለቱ ካንዴላዎች) የሙቀት ደረጃቸው ስለሚለያይ መቀያየራቸውም ይታይ።

መለኪያው ጨርሶ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ የውሃ ሲል፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ የሚዘጋው። ጥቂት ውሃ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሲል ጥሩ የኮምፕረሽን ቁጥር እያለም ሊኖር ይችላል። ራዲያተሩ የማያቋርጥ አረፋ ካሳየ ወይም አድሮ ሲነሳ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ የራዲያተር ግፊት መሞከሪያና የቃጠሎ ጋዝ መለያ ፈሳሽ ለብቻ ያስፈልጋሉ።

ሮታሪ ለሚነካ መካኒክ ያለማመንታት የምመክረው ዕቃ ነው። አንድ መኪና ብቻ ላለው ግን መግዛቱ ግዴታ አይደለም፤ ይህ መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልጎ፣ የስድስቱንም ፊት ቁጥር ከዙሩ ጋር፣ ቀዝቃዛና ሙቅ ለየብቻ ተጽፎ እንዲሰጠው ይጠይቅ።