ጥሎ ማለፍ ወይስ ምድብ? ለጤና ቡድን ዋንጫ የቱ ያዋጣል?

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ስልኬ አላርፍ ብሏል። የጤና ቡድን ያላቸው ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ዋንጫውን በምን እናጫውት?» መልሴም አንድ ነው። ስምንት ቡድን ካላችሁ ለሁለት ምድብ ክፈሉት፤ በየምድቡ ሁሉም እርስ በርስ ይጫወቱ። ከዚያ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከዚያ ፍጻሜ።

ጥሎ ማለፍ የሰለቸኝ አምና ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ያዘጋጀነው እኛው ነን፣ ርካሽ ነው ብለን። ከጢስ አባይ አንድ ቡድን ጋበዝን። ልጆቹ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው፣ አዲስ ማሊያ አሳትመው፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መጡ። በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዋንጫው ለእነሱ አለቀ። ሲሳፈሩ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። በ1934 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ግብፅም ጣሊያን ድረስ ሄዳ፣ በሃንጋሪ 4 ለ 2 ተሸንፋ፣ በአንድ ጨዋታ ተመልሳለች።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሜዳው ለአንድ ጨዋታ 600 ብር ነው። ሦስቱ ዳኞች 900 ብር። ስለዚህ አንድ ጨዋታ 1,500 ብር ይፈጃል። ስምንት ቡድን በጥሎ ማለፍ 7 ጨዋታ ነው፤ 10,500 ብር። በምድብ 15 ጨዋታ፤ 22,500 ብር። ሁሉም ከሁሉም ከተጫወተ 28 ጨዋታ፤ 42,000 ብር።

ይህን ያየ ሁሉ ወደ ጥሎ ማለፍ ይሮጣል። ቆይ፣ ለስምንት አካፍሉት። በጥሎ ማለፍ ለአንድ ቡድን 1,313 ብር ይደርሰዋል። አራቱ ቡድኖች በዚያ ብር አንዴ ብቻ ተጫውተው ይሄዳሉ። በምድብ 2,813 ብር ነው፤ ግን መጨረሻ የወጣውም ሦስት ጊዜ ይጫወታል። አንዱ ጨዋታ በ938 ብር ወደቀለት ማለት ነው። ታዲያ የቱ ነው ርካሹ?

ሁሉም ከሁሉም ሲሆን 750 ብር ድረስ ይወርዳል። ግን በየእሑዱ ሁለት ጨዋታ ብታጫውቱ 14 እሑድ ይፈልጋል። ፋሲካውን፣ ሠርጉን ስትዘሉ ግንቦት ይገባል። የባሕር ዳርን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ። ተስፋ የቆረጠ ቡድንም መምጣቱን ይተዋል፤ ፎርፌ በፎርፌ ይሆናል።

ምድብም አንድ ቀዳዳ አለው። በ1982 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ 1 ለ 0 ለሁለቱም እንደሚበቃ አውቀው ኳሷን ሲያንሸራሽሩ አልጄሪያ ከውድድሩ ወጣች። ከ1986 ጀምሮ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረጉት ለዚህ ነው። እናንተም የሁለቱ ምድቦች የመጨረሻ ጨዋታዎች ለሚደረጉባቸው ሁለት እሑዶች ሁለተኛ ሜዳ ያዙ። ክፍያው በጨዋታ ስለሆነ አንድ ብር አይጨምርም። ነጥብ እኩል ሲሆን ማን እንደሚያልፍ ደግሞ ዕጣ ሳይወጣ በፊት በወረቀት አስፈርሙ።

አምና የተቃጠልንበት ሌላው ነገር ኳሱ ነው። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ኮፒ በ700 ብር ገዛን። በሁለተኛው እሑድ ስፌቱ ለቀቀ። ጫማ ሰፊ ዘንድ በ100 ብር አሰፋነው፤ እንቁላል መሰለ። ካላማዳሪያውን በ150 ብር አስቀየርን፤ እሱም በሳምንቱ ተነፈሰ። 950 ብር ወጥቶ ፍጻሜውን በውሰት ኳስ ጨረስን። ስትገዙ ስፌቱን በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት፤ ክሩ ከታየ ተዉት። ባለሱቁ እሺ ካለ ተነፍቶ ይደር፣ ጠዋት ሄዳችሁ ጫን ብላችሁ እዩት። እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ዘንድሮ ደህናውን በ2,800 ብር አግኝተናል።

ሜዳውም ዳኞቹም ዋጋ ስላልጨመሩ የአንድ ቡድን መዋጮ 3,800 ብር አድርገነዋል። ጨዋታዎቹ ተከፍለው፣ ሁለት ኳስ ተገዝቶ፣ ለዋንጫው 2,300 ብር ይተርፋል። ሦስት ጨዋታ እንዳላቸው ስነግራቸው መጀመሪያ የከፈሉት የጢስ አባይ ልጆች ናቸው።