ድክ ድክ ለሚል ልጅ የእንጨት መጫወቻ፦ ከአናጺው፣ ከሱቁ ወይስ ከሐይቁ ዳር?

ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ላለው ልጁ የእንጨት መጫወቻ የሚፈልግ ወላጅ ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው ወደ እንጨት ሥራ ቤት ሄዶ ማሠራት፣ ሁለተኛው ከውጭ የመጣውን ባለ ቀለም ዕቃ ከሱቅ መግዛት፣ ሦስተኛው ደግሞ በጣና ዳርና በዘጌ ገዳማት መንገድ ለጎብኚ ከሚቀርቡት ዕቃዎች አንዱን ይዞ መምጣት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ስለሚመረምር፣ ሦስቱንም ያነጻጸርኩት ሲላሱ፣ ሲነከሱና ሲወረወሩ ምን እንደሚሆኑ በማየት ነው።

የሐይቁ ዳሩን አስቀድሜ ላሰናብተው። ከደንገል የምትሠራው ትንሿ ታንኳ ዓይን የምትስብ ብትሆንም የደንገል ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሲደርቅ ይሰበራል፣ ሲረጥብ ደግሞ ጭረቱ እየተላጠ አፍ ውስጥ ይቀራል። ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ልጁ እስኪያድግ ትጠብቀው። ዶቃና ፍሬ የተሰካባቸው ዕቃዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ስለ መጠን ስንነጋገር በዓለም የታወቀ መለኪያ አለ። በአሜሪካ ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የተሠራ መጫወቻ ወይም ከእሱ የሚወልቅ ክፍል፣ ወርዱ 31.7 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በሰያፍ ከ25.4 እስከ 57.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል ተብሎ ይታገዳል። እቤት ውስጥ ለዚህ የሚያገለግለን የሶፍት ካርቶን ቱቦ ነው፤ ወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሕጉ ይልቅ ጠበቅ ያለ ፈታኝ ነው፣ በእሱ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለዚህ ልጅ አይሆንም። አናጺ ዘንድ ኩብ ሲታዘዝ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብሎ መናገር ይበቃል። በሱቅ ዕቃ ላይ ግን ኩቡ ትልቅ ሆኖ ሳለ የመኪናው ጎማ ወይም የእንስሳው ዓይን ትንሽ ሊሆን ስለሚችል መፈተን ያለበት እያንዳንዱ የሚወልቅ ክፍል ነው። ማግኔት ያለበትን የእንጨት ባቡርም ለጊዜው መተው ይሻላል፤ ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመካከላቸው ተቆንጥጦ ሊበሳ ይችላል።

ወደ አናጺው ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ የእንጨቱ ዓይነት ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ለዚህ ዕድሜ ከእሱ የሚመረጥ አላየሁም፤ ደግሞም መጫወቻ የሚፈልገው ከቁም ሣጥን የተረፈ ቁራጭ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፣ ነገር ግን በደንብ ካልደረቀ ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪውም የልጅ ጣት ይወጋል። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፣ ነገር ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወይራ ከሁሉም ጠንካራ ነው፤ ክፋቱ ክብደቱ ነው፣ ምክንያቱም ልጁ ኩቡን መወርወሩ አይቀርም፣ የሚያርፈውም በራሱ ወይም በታናሹ እግር ላይ ነው። ቁራጩ የአሮጌ ቤት እንጨት ከሆነ ግን፣ ለምስጥ መከላከያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ያህል ቢላግ ለመጫወቻ አይውልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የላዩ ቅብ ነው፤ ሠሪና ገዢ ብዙ ጊዜ የማይግባቡትም እዚህ ላይ ነው። አናጺ ሥራው የሚያምረው ሲያብለጨልጭ ስለሆነ ሳይጠየቅ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ሽታውም ለብዙ ቀን አይለቅም። «አትቀባው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ ስጠኝ» ብሎ መረከብና እቤት በተልባ ዘይት ማሸት ይቻላል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል፣ የኑግ ዘይትም ዘገም እያለ ወደዚያው ይጠጋል፤ የፓልም ዘይት ግን ስለማይደርቅ እንደተለጠፈ ይቀርና ይሸታል። ዘይቱ ሲደርቅ በላዩ ንጹሕ የንብ ሰም ማሸት የልጁን ምራቅ ለጊዜው ይመክታል። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጦ ጥግ ላይ መጣል ግን አደጋ አለው፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዕቃውን ከመረከብ በፊት ጥቂት ባዘቶ ጥጥ በጠርዞቹ ላይ መጎተት ጥሩ ፈተና ነው፦ ጥጡ የተያዘበት ቦታ ሁሉ ስንጣሪ አለ።

የሱቁ ዕቃ በሁለት ነገር ያሳስበኛል። የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። በአገራችንም ሆነ በአሜሪካ በቀለም ውስጥ የተፈቀደው የእርሳስ (የመርዛማው ብረት እንጂ የመጻፊያው አይደለም) መጠን ጣሪያ ከሚሊዮን 90 እጅ ነው፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ስለሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው ነው የሚለው መጠን የለም። ቀለሙ ሕጉን ያከብር አያከብር በዓይን አይለይም። በካርቶኑ ላይ የሠሪው ስምና አድራሻ፣ የአውሮፓው የመጫወቻ ደኅንነት ደረጃ ኢኤን 71 መጠቀሱ መልካም ነው፣ ነገር ግን ዕቃው የአውሮፓን ሕግ ያሟላል የሚለውን «ሲኢ» ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ስለሆነ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። 0-3 የሚል ጽሑፍ ከሕፃን ፊት ጋር በቀይ መስመር ተሰርዞ ከታየ ዕቃው ለዚህ ዕድሜ አይደለም። በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣ ቀለም ያለበትን መመለስ ነው። ሁለተኛው «እንጨት» የተባለው ብዙ ጊዜ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ብናኝ መሆኑ ነው፤ ጠርዙ ላይ የእንጨት መስመር ካልታየ እሱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የባሕር ዳር እርጥበት፣ በተለይ ልጁ ሲያኝከው፣ ያብጣል፣ ይፈረፈራል።

ይሁንና ሱቁ የሚበልጥበት ቦታ አለ። ቅርጽን በቀዳዳው የሚያስገቡበት ሣጥንና ገጣጥም ሥዕል ልክነት ይፈልጋሉ፤ በእጅ የተሠራው ወይ ይጠብና ልጁን ያስለቅሳል፣ ወይ ይሰፋና ሁሉም ቅርጽ በሁሉም ቀዳዳ ያልፋል። እነዚህን ከሱቅ፣ ግን ቀለም ከሌለው ድፍን እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ የተሠራውን መርጬ እገዛለሁ። ኩብ፣ መዶሻ፣ ጋሪና የሚጎተት መኪና ግን የአናጺው ናቸው።

የሚጎተተውን በተመለከተ የራሴን ስሕተት ልናገር። የመጀመሪያው ያሠራሁት መኪና ጎማው በምስማር የተያዘ ነበር፤ በክረምት አብጦ የነበረው እንጨት በበጋ ሲደርቅ ምስማሩ ላላ፣ አንድ ቀንም በልጄ መዳፍ ውስጥ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የማዘው በእንጨት ችንካርና በኮላ የተያዘ ጎማ ነው፤ ገመዱም አንገት እንዳይጠመጠም ከ20 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ብዛትም ቢሆን ከዕድሜው ጋር ይሂድ። ብዙ ልጆች በዓመት ከመንፈቅ ሦስት አራት ኩብ፣ በሁለት ዓመት ስድስት ያህል ይደረድራሉ፤ ስለዚህ ለጊዜው አሥር ኩብ በቂ ነው፣ የቀረውን ቁራጭ አናጺው ዘንድ አስቀምጦ ልጁ ሲያድግ ማስጨመር ይቻላል። ሲቆሽሹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርገው በጥላ ይደርቃሉ እንጂ በሳፋ አይዘፈዘፉም።